ቀለሙ የለቀቀው ስፌት



ይህን ጽሑፍ የምንልክላችሁ ከሐረር፣ ከአቦከር ነው። ሁለት እህትማማቾች ነን፤ ከእናታችን ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንጀራችን ስፌት ሆኗል። ነጋዴዎች ነን ብለን ለመናገር ገና እናፍራለን። ሱቅ የለንም፤ ሠራተኛ የለንም። ያለን ሦስት ወስፌ፣ አንድ የቀለም ድስት፣ አንድ የሒሳብ ደብተርና ስህተት የማያመልጠው የእናታችን ዓይን ነው። ቢሆንም በዚህች ትንሽ ሥራ ውስጥ ያገኘነው ደስታም ሆነ የደረሰብን ፈተና ለሌሎች ቤተሰቦች፣ በተለይም ሥራ ፈልገው ላጡ ወጣት እህቶቻችን ይጠቅም ይሆናል በሚል ተስፋ ብዕር አነሳን።

አጀማመራችን እንዴት ነበር?

ሐረርን የጎበኘ ሰው የሐረሪን ቤት ያስታውሰዋል። ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መደቦች፣ በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሳህኖችና ከእነርሱም ጋር በረድፍ የተሰቀሉት ባለ ቀለም ስፌቶች ከዓይን አይጠፉም። እነዚህ ስፌቶች ለጌጥ ብቻ የተሰቀሉ አይደሉም። ሠርግ ሲሆን ይወርዳሉ፤ ስጦታ ይያዝባቸዋል፤ ምግብ ይቀርብባቸዋል። ሙሽራ ወደ አዲሱ ቤቷ ይዛቸው ትገባለች። የቤቱ ግድግዳ የእናት፣ የአያትና የአክስት እጅ የሚታይበት መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

እናታችን ስፌት የተማረችው በልጅነቷ ነው። በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ልጃገረዶች በአንዲት ታላቅ ሴት ቤት እየተሰበሰቡ ሲሰፉ ይውሉ እንደነበር ትነግረናለች። ከስፌቱ ጋር ሥነ ምግባርንም፣ የሰው አያያዝንም፣ ምስጢር መጠበቅንም የተማሩት እዚያው ነበር። እኛ ግን ትምህርት ቤት ስንመላለስ ስፌቱን ችላ ብለነው ቆየን። «ለመሆኑ በዚህ ዘመን ሣር ጠምዝዞ ማን ሰው ሆነ?» እያልን እንቀልድ ነበር። አላህ ይቅር ይበለን።

በ2014 ዓ.ም ነገሩ ተለወጠ። የታላቂቱ ባለቤት የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በዚያ ዓመት ሥራው ቀዝቅዞ ገቢው አልበቃ አለ። ታናሺቱ ደግሞ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስትቆም ከርማለች። በዚህ መካከል ከአዲስ አበባ የመጣች ዘመዳችን ግድግዳችንን አይታ አንዱን ስፌት ሽጡልኝ አለች። እናታችን ሳቀችና፣ «ከግድግዳዬ አውርጄ አልሸጥም። የፈለግሽ እንደሆነ ግን እንደዚሁ አድርጌ እሠራልሻለሁ» አለቻት። ዘመዳችን ገንዘቡን አስቀምጣ ሄደች። ያን ዕለት ማታ እኛ ሁለታችን ተያየን። ለካ ስንፈልገው የኖርነው ሥራ በራስጌያችን ተሰቅሎ ኖሯል!

መነሻ ገንዘብ

ሥራ ለመጀመር ስናስብ ብድር እንድንወስድ የመከሩን ነበሩ። ወለድ ያለበት መሆኑን ስንሰማ ልባችን ፈራ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በአገራችን ከወለድ ነጻ የሆነ አገልግሎት ይገኛል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል፤ ሒጅራ ባንክም ተከትሎታል። ሰፋ ያለ ሥራ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ በር ነው። የእኛ ፍላጎት ግን ከባንክ የሚያደርስ አልነበረም። አሥር ሴቶች ሆነን ዕቁብ ገባንና የመጀመሪያዎቹን ዕጣዎች ባለ ዕጣዎቹ በፈቃዳቸው ለቀቁልን። ወለድ የለው፣ መያዣ የለው፤ ያለው መተማመን ብቻ ነው።

ገንዘቡን ይዘን ወደ ጊድር መገላ ወረድን። ትርጉሙ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው። በመንገዳችን በመኪና ግርግር አለፍን። ይህ ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ከመኪናቸው ኋላ ተቀምጠው እግራቸው ሲረግጥ፣ እጃቸው ሲገፋ አየን። ስንት ጊዜ አልፈንበታል፤ ያን ቀን ግን መንገዱ ሌላ መስሎ ታየን። በእጃቸው ሠርተው ከሚያድሩት ሰዎች መካከል እኛም ልንቆጠር መሆኑን ስናስብ አንገታችን ቀና አለ። ሣሩን ከገጠር ከመጡ ሴቶች ገዛን፤ ቀለም፣ ወስፌና አንድ ሰፊ ድስት ጨምረን ተመለስን።

ሥራውና ደስታው

ስፌትን ያልሞከረ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ሣሩ ይመረጣል፤ ይሰነጠቃል፤ የሚቀለመው ክፍል በፈላ ቀለም ውስጥ ተነክሮ ጥላ ሥር ይደርቃል። ቀለም የገባውን አለላ እንለዋለን። ከዚያ ጥቂት ሣር አንድ ላይ ተይዞ እንደ ገመድ ይጠመጠማል፤ በወስፌ የታችኛው ዙር ይበሳል፤ ርጥቡ አለላ በቀዳዳው ገብቶ አዲሱን ዙር ከአሮጌው ጋር ያስራል። አንድ ጥብቅ፣ ሌላ ጥብቅ፣ እንደገና ሌላ። ከቤት ሥራ ጋር እያጣመርን መዳፍ የምታህል አንዲት ክዳን ለመጨረስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅብናል። መካከለኛ መጠን ያለው ደግሞ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል።

በመጀመሪያው ወር ከሰፋነው ይልቅ የፈታነው ይበዛል። እናታችን ስፌቱን በብርሃን ላይ አንሥታ ታይና ምንም ሳትናገር በወስፌዋ ጫፍ ትዘረዝረዋለች። ሦስት ቀን የደከምንበት በአምስት ደቂቃ ይፈታል። ታናሺቱ አንድ ጊዜ አልቅሳለች። እናታችን ግን፣ «ላላ ያለ ዙር ከሥር ከተቀመጠ የላይኛው ሁሉ ይዛባል። አሁን ብትፈቺው አንድ ዙር ነው፤ ኋላ ብትፈቺው ሙሉ ስፌት ነው» ትላት ነበር።

ከዐስር ሶላት በኋላ ጥላው በግቢያችን ሲረዝም ምንጣፍ እንዘረጋለን። ትኩስ ሆጃ ይቀርባል። ልጆች ከትምህርት ቤትና ከቁርኣን ቤት ተመልሰው አጠገባችን ይቀመጣሉ፤ የቀሩበትን እየደገሙ የወደቀ ሣር ይለቅሙልናል። አንዷ ጎረቤት ወሬ ይዛ ትገባለች፤ ወሬዋን ስትጨርስ ወስፌ ይዛ ትገኛለች። የመግሪብ አዛን ከአንዱ መስጊድ ሲጀምር ከሌላው፣ ከዚያም ከሌላው ይቀጥላል። በጀጎል ውስጥ ሰማንያ ሁለት መስጊዶች መኖራቸው ይነገራል፤ በዚያች ሰዓት ሁሉም እኛን የሚጠሩ ይመስለናል። ሥራችንን ሸፍነን ለውዱእ እንነሣለን።

የመጀመሪያውን ስፌት ዋጋ ስንቀበል ገንዘቡን በሦስት ከፈልነው። አንዱን ለሣርና ለቀለም፣ ሁለተኛውን ለቤት፣ ትንሹን ደግሞ ለሰደቃ አደረግን። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ቆዳ እያለፉና እየሰፉ ያገኙትን ለድሆች ይሰጡ እንደነበር ሰምተን ነበር። ትንሿን ገንዘብ ለአንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ስንሰጥ ከእጃችን ድካም የወጣ ሰደቃ እንዴት እንደሚጣፍጥ ያን ቀን አወቅን። ቀድሞ ሰደቃ የምንሰጠው ከሰው ኪስ ተቀብለን ነበርና።

የመጣው ፈተና

በ2016 ዓ.ም አንድ ትልቅ ትዕዛዝ መጣልን። አንዲት የተከበሩ ሐጃ ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና ለሠርጉ ስምንት ስፌቶች አዘዙን። ሠርጉ ከረመዳንና ከሸዋሊድ በኋላ ነው። ዋጋው 15,000 ብር እንዲሆን ተስማማን፤ 6,000 ብር ቀብድ ሰጡን። እንዲህ ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይዘን አናውቅም። ከቀብዱ ላይ ሣርና ቀለም ገዛን፤ የቀረውን ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ከፈልን። ይህን ስናደርግ ምንም ስጋት አልገባንም።

ችግሩ የመጣው ከችኮላችን ነው። የለመድነው ቀይ ቀለም አለቀብን። ርካሽ የሆነ ሌላ ዱቄት ገዛን። በደንብ ሳናፈላውና ሣሩን ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግመን ሳናጥበው ቶሎ አድርቀን መስፋት ጀመርን። እናታችን ያን ሰሞን ታማ ስለነበር የቀለሙን ሥራ አላየችውም። ቀዩ ደማቅ ሆኖ ወጣ፤ እንዲያውም ከወትሮው ይበልጥ ያምር ነበር።

ረመዳን አጋማሽ ላይ ስድስቱን ጨርሰን ነበር። አንድ ቀን የኢፍጣር ሰዓት ሲቃረብ ልጆቹ ትኩስ ቂጣ አምጥተው ከተጠናቀቁት ስፌቶች በአንዱ ላይ አስቀመጡት። ለመቆጣት ስንነሣ እናታችን ቂጣውን አነሣችው። ሥሩ ቀይ ሆኗል። ማንም አልተናገረም። አዛኑ ብሎ ቴምሩን ቀመስን፤ ነገር ግን ያን ዕለት ምግብ የበላ አልነበረም። ሌሊት ነጭ ጨርቅ በሞቀ ውኃ እያረጠብን ስድስቱንም አሸናቸው። አራቱ ቀለም ለቀቁ።

እውነቱን እንናገር። በዚያ ሌሊት ዝም ለማለት አስበናል። ሁለታችን በሹክሹክታ ተነጋገርን። «ስፌቱ ይሰቀላል እንጂ መቼ ይታጠባል?» ተባባልን። «ለአንድ ቀን ሠርግ ነው፤ ደረቅ ነገር ነው የሚያስቀምጡበት» አልን። ቀብዱ ወጥቷል፤ መልሱ ብንባል ከየት እናመጣለን? ስማችንስ ገና ሳይጠራ ሊጠፋ ነው? አንዳችን ሰበብ ስታጣ ሌላዋ ታቀብላት ነበር። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳፍረን ነገር፣ ይህን ሁሉ ስንል ቀይ ሥር ያለው ቂጣ ከፊታችን መሆኑ ነው።

ለሱሑር ስንነሣ እናታችን አልተኛችም ነበር። አልተቆጣችንም። ሁላችንም የምናውቀውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ አስታወሰችን። በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡን ርጥብ ሆኖ ማግኘታቸውን፣ ሻጩም ዝናብ የነካው መሆኑን ሲነግራቸው ሰው እንዲያየው ከላይ ያላደረገው ለምን እንደሆነ መጠየቃቸውን፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን መናገራቸውን ሙስሊም የዘገቡት ነው። «ያ ሰውዬ እህሉን ያረጠበው እርሱ አልነበረም፤ ዝናብ ነው» አለችን። «እናንተስ? ቀለሙን ያበላሻችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ደግሞ እህሉ ቢደርቅ ይበላል፤ ይህ ግን ለሙሽራ እንግዶች ምግብ የሚቀርብበት ነው።»

በሐጃ ቤት

በማግስቱ አራቱን ስፌት በነጠላ ጠቅልለን ሄድን። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ያን ቀን ረዘመብን። ሐጃን ሰላም ብለን ተቀመጥንና ነጩን ጨርቅ አውጥተን በፊታቸው አሸነው። ጨርቁ ቀላ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነገርናቸው። ቀብዳቸውን ግን በአንድ ጊዜ ልንመልስ እንደማንችልም ሳንደብቅ ተናገርን።

ሐጃ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ልጆቼ፣ አዝኛለሁ። ሠርጉ ቀርቧል፤ ከማን ላሠራ ነው?» አሉን። ምሕረት ጠብቀን ነበርና ይህ ቃል ከበደን። ቆይተው ግን፣ «የደረቁትን ሁለቱን ተውልኝ። የቀሩትን እስከ ሸዋሊድ ማድረስ ከቻላችሁ ሞክሩ። ካልቻላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩኝ» አሉ። ስንወጣ በሩ ላይ እጃችንን ያዙና፣ «ስለ ነገራችሁኝ አላህ ይስጣችሁ» አሉን።

አራቱን እንደገና፣ ገና ያልጀመርናቸውን ሁለቱን ጨምረን ስድስት ስፌት በአንድ ወር ውስጥ! ለሁለት ሰው የሚቻል አልነበረም። ነገሩን በአፎቻችን ላሉ ሴቶች ነገርን። አፎቻ በሐረር በሠርግም በሐዘንም ሰው የሚረዳዳበት ማኅበር መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሦስት ሴቶች ወስፌያቸውን ይዘው መጡ። ከተራዊሕ ሶላት በኋላ እስከ ሱሑር አብረን ሰፋን። ጣታችን ቆሰለ፤ ዓይናችን ቀላ። ግን ዛሬ መለስ ብለን ስናስበው ከዚያ ረመዳን የበለጠ የተደሰትንበት ጊዜ የለም። አንዷ ቁርኣን ትቀራለች፤ አንዷ ስለ ድሮ ሠርጓ ታጫውታለች፤ ያረጁ እጆች የወጣቶቹን ይመራሉ። ቀለሙን በዚህ ጊዜ እናታችን ራሷ ድስቱ አጠገብ ቆማ አስነከረችው። ሣሩን ውኃው እስኪጠራ አጠብነው፤ እያንዳንዱን በነጭ ጨርቅ አሸነው።

በሸዋሊድ ዋዜማ ስድስቱን አስረከብን። ሸዋሊድ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ተከትሎ የሚከበር የሐረሪ በዓል ነው። በዚያው በ2016 ዓ.ም፣ ከጥቂት ወራት በፊት፣ ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮት ነበርና የከተማው ደስታ ድርብ ነበር። ጀጎል ራሱ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በ1998 ዓ.ም ወዲህ እንግዶች ግንቡን ለማየት ይመጣሉ። እኛ ግን በዚያ ዕለት ያሰብነው ስለ ግንቡ ሳይሆን ዕዳችንን ስለ ማቃለላችን ነበር።

ትርፍ አገኛችሁ ወይ ብትሉን፣ ከዚያ ትዕዛዝ አንዲት ሳንቲም አልተረፈንም። ለረዱን ሴቶች ከፈልን፤ ሣርና ቀለም ሁለት ጊዜ ገዛን። ወሬውም ወጣና «የእነርሱ ስፌት ቀለም ይለቃል» የሚሉ አልጠፉም። ለጥቂት ወራት ትዕዛዝ ቀነሰ። ይህን የምንጽፈው እውነት የተናገረ ሰው ወዲያውኑ ይከብራል የሚል አሳብ እንዳታድርብን ነው። አንዳንድ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ኪሳራው ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሐጃ ዘመዶች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። አንዷ ዋጋ ሳትከራከር አዘዘችና፣ «እናንተ ጉድለቱን ራሳችሁ ትናገራላችሁ ተብዬ ነው የመጣሁት» አለችን።

ቀለም የለቀቁትን አራቱን ምን አደረጋችኋቸው? ትሉ ይሆናል። ሦስቱን ለግድግዳ ጌጥ ብቻ የሚሆኑ መሆናቸውን እየነገርን በርካሽ ሸጥናቸው። አራተኛውን፣ ቂጣው የተቀመጠበትን፣ እናታችን ከግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። ከአያታችን ስፌት አጠገብ ነው። ቀለም ልንነክር ስንነሣ ሁልጊዜ ቀና ብለን እናየዋለን።

ከሥራችን የተማርነው

ወደዚህ ሥራ ለመግባት ለምታስቡ እህቶች ጥቂት ነገር ልንላችሁ እንወዳለን።

አንደኛ፣ ከቤታችሁ ባለው እውቀት ጀምሩ። ስፌት ይሁን ጥልፍ፣ ሽመና ይሁን የቆዳ ሥራ፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚያውቁትን ሳንጠይቃቸው እንዳያመልጠን።

ሁለተኛ፣ ሒሳባችሁን ጻፉ። የሣርና የቀለሙን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የደከማችሁበትን ሰዓት ቁጠሩ። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ሰዓታችንን ባለመቁጠራችን አንዳንዱን ስፌት ከድካማችን በታች ሸጠነዋል።

ሦስተኛ፣ ቀብድ የሥራው ገንዘብ ነው እንጂ የቤት ገንዘብ አይደለም። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አደራ ነው። ቀብዱን ባንነካው ኖሮ በዚያች ሌሊት የሰይጣን ሹክሹክታ ያን ያህል ባልበረታብን ነበር።

አራተኛ፣ ጉድለቱን ገዢው ሳያገኘው እናንተ ንገሩት።

ውድ አንባብያን፣ ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ንጉሥም ነቢይም ሆነው ሳለ በእጅ መሥራትን አልናቁትም። እኛም የናቅነውን ሣር ዛሬ አክብረን እንይዘዋለን። ሀብታም አልሆንንም። ግን የልጆቻችን ደብተር ከዚህ ሣር ይገዛል፤ ጎረቤታችን ከዚህ ሣር ድርሻዋን ታገኛለች። ባለፈው ሳምንት የታላቂቱ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያዋን ትንሽ ክዳን ጨርሳ ለአያቷ አሳየቻት። እናታችን በብርሃን ላይ አነሣችው፤ አየችው፤ ሁለት ዙር ፈታችባት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ሣሩን በውኃ አርጥባ እንደገና ጀመረች።

አላህ (ሱ.ወ.) የሁላችንንም ሪዝቅ ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።